ሻማው ብቻ የጠራበት ፎቶ

ሙዘሚል በሱዳኗ የዐትባራ ከተማ ሠርግ ማንሳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። በባቡር ሠራተኞች ሰፈር እሱ ያላነሳው ሙሽራ ተፈልጎ አይገኝም። በፊልም ካሜራው ዘመን የሌንሱን ቀለበት በሁለት ጣቱ እያዞረ ፊት ያጠራ ነበር። ዕድሜው ስድሳን ሲጠጋ ግን ዓይኑ ደከመና ፖርት ሱዳን ያለው ልጁ ራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ላከለት። «ከእንግዲህ አባባ፣ አንተ ቁልፏን ተጫን፤ ሌላውን እሷ ታውቅበታለች» አለው በስልክ። ሙዘሚልም አመነ።

ጉዱ የመጣው በሰፈሩ ልጅ በረባብ ሠርግ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የአቧራ ማዕበል ተነሣና መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፤ ወዲያው መብራት ሄደ። ሙሽሮቹ የሚባረኩበት የጅርቲግ ሥርዓት አይቆይም ተባለና በትሪው ላይ በተተከሉት ሻማዎች ቀጠለ። ቀዩን የሐር ክር በሙሽራይቱ እጅ የሚያስሩት አያቷ ሐጃ በቱል ነበሩ። ሐጃ በሰማንያ ዓመታቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ለረባብ ሲሉ እሺ አሉ።

ሙዘሚል ቁልፉን ሲጫን ሌንሱ ዚዝ፣ ዚዝ እያለ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይንከራተታል እንጂ አልቆም አለ። ደገመ፤ እምቢ።

«አንተ ሙዘሚል፣ ያፈረኝ ዕቃህ ነው ወይስ አንተ?» አሉ ሐጃ በቱል። ሴቶቹ ሳቁ። «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ አጎንብሼ እስከ መቼ ልቁም?»

ላብ አጠመቀው። ካሜራው በስንት መከራ ቀጭ አለ።

«እንዴት ወጣሁ?»

ሙዘሚል ፎቶውን ገና አላየውም። «እንደ ሙሽራ ነው የወጡት፣ ሐጃ!» አላቸው። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ቤቱ ገብቶ ሲያየው የሻማዎቹ ነበልባል ጥርት ብሏል። የሐጃ በቱል ፊት ግን ጭስ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ። «ዐርብ ጠዋት ግቢያቸው ድረስ ሄጄ ደግሜ አነሣቸዋለሁ» አላት ለሚስቱ ለኒዕማት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሐጃ በቱል ውዱእ እያደረጉ ሳለ ወደቁ፤ በዚያው አለፉ።

ሙዘሚል ከቀብር ተመልሶ ጓዳውን ዘጋ። ብርሃን እንዳይገባ ኒዕማት የምትከናነበውን ጥቁር ቶብ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤ ሻማ ለኩሶ እሷን ከሻማው ጀርባ አስቀመጠ።

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ካሜራው እንደገና ተንከራተተ። ቀስ በቀስ ግን ገባው። በጨለማ ካሜራው የሚፈልገው ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበትን ጠርዝ ነው፤ ልሙጥ ነገር ላይ የሚጨብጠው የለውም። ምርጫውን ለራሱ ከተዉለት ደግሞ እንደ እሳት ራት ወደ ነበልባሉ ይሮጣል። መሃለኛዋን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጦ፣ ኒዕማት የለበሰችው ቶብ ግንባሯን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ቢያነጣጥር ያዘ። በስልክ ፊቷን ቢያበራ ባንዴ ያዘ። በመጨረሻ ሌንሱ ጎን ያለችውን፣ ካሜራው ራሱ ፎከስ የሚያደርግባትን ማብሪያ ዘግቶ ቀለበቱን እንደ ድሮው በእጁ አዞረ። ፊቷ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ብቅ አለ።

ያን ጊዜ አለቀሰ። «አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራልኝ ይበቃ ነበር፣ ኒዕማት።»

«አላህ የጻፈው ነው።»

«ፎቶውስ ይሁን። ‹እንደ ሙሽራ ወጡ› ያልኩትን ማን ጻፈው?»

ረባብ የመጣችው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። «አጎቴ፣ የአያቴን ፎቶ ትልቅ አድርገው ያትሙልኝ» አለች። ሙዘሚል በትንሹ ያተመውን አወጣላት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ሻማ ነው። አያቴስ የታለች?»

«አልያዘም ልጄ። ያኔም ሳላየው ነው የተናገርኩት። ዋሸኋቸው።»

ረባብ ከፎቶው ቀና አለች። «‹እንደ ሙሽራ ወጥቻለሁ አለኝ› እያለች አያቴ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነበር እኮ» አለች። ፎቶውን በቶቧ ጫፍ ጠቅልላ፣ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ወጣች።

በዓመቱ ረባብን ገበያ ላይ ባሚያ ስትመርጥ አገኛት፤ ሕፃን ታቅፋለች። በትሕትና ሰላም አለችው።

«ልጅሽን ላንሳልሽ፤ ቤት ድረስ መጥቼ፣ ጠዋት» አላት።

«አይድከሙ አጎቴ፤ ባሌ በስልኩ ያነሣልናል።»

ሙዘሚል ዘምቢሏን ተቀብሎ እስከ ባለሦስት እግሩ ረክሻ ድረስ ሸኛት።