ማሽኑ አቧራ አይወድም

የአሮጌ ኮምፒውተር ነገር አይሆንልኝም። ሰቆጣ ለሥራ ሄጄ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወርክስቴሽን የሚባለው የድሮ ኃይለኛ ኮምፒውተር እንዳለ ስሰማ፣ ምሳዬን ትቼ ሄድኩ። ተራው ኮምፒውተር ደብዳቤ ከመጻፍ በማያልፍበት ዘመን፣ እሱ የተራራ ካርታ እያገላበጠ ያሳይ ነበር።

ጥበቃው ጋሽ ኪሮስ የክፍሉን በር ከፈቱና፣ "ጫማህን አውልቅ ልጄ፤ ማሽኑ አቧራ አይወድም" አሉኝ።

የቀኝ ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል። እሳቸው ግን ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ቀድመውኝ ገብተዋል፤ ምን ልበል? አወለቅኩ።

ማሽኑ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዳንቴሉን ስገልጠው ጣቴንም ረሳሁት።

"ጋሼ፣ ይህን ብረት ይዩት! ጎኑ ያለ ካቻቢቴ ነው የሚከፈተው። ባለሙያው ሥራ ሳያስፈታ ቶሎ እንዲጠግነው ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ ዓይናቸው ጣቴ ላይ ነው።

"ውስጡን ቢያዩት ደግሞ!"

"ተው፣ አትክፈተው።"

"ግድ የለም፣ አላበላሸውም" ብዬ መያዣውን ሳብኩት።

ውስጡ አንድም የኮምፒውተር ዕቃ የለም። ጋዜጣ ተነጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ተቀምጧል።

ጋሽ ኪሮስ ጎንበስ ብለው ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት።

"ውስጡን ለጥገና ብለው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ" አሉኝ። "ይሄ የክት ጫማዬ ነው። አቧራ አይወድም።"