ከማስነሻው ኮድ የጎደለችው ካርድ

ባለፈው ሳምንት ለቡ ልጄ ቤት ስሄድ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያለ አስመስላ ታሠራለች፤ ውስጠኛው «እንግዳ» ይባላል፤ ማስነሻ ኮዱን ብታድሰው አልነሳ ብሏታል። «አበላሸሁት!» ብላ ሳቀች። ማን ነካብኝ ብላ ዞር እንኳ አላለችም። እኔ በእሷ ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰውን ነበር።

በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ንፋስ ስልክ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ተመደብኩ። ክረምት ነበር፤ ከመካኒሳ በእግሬ ስመጣ ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ያስቀረው ነበር። ትልቁ ማሽን በሆዱ እንግዳ ሥርዓት ያሳድራል። እንግዳው ማሽኑ በሙሉ የእሱ ብቻ ይመስለዋል፤ አስተናጋጁ ትልቁ ማሽን ግን እያንዳንዷን እርምጃውን ያያል። ይህን ሳስብ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አይለኝም ነበር።

አስተናጋጁ ሲታደስ የእንግዳውም ማስነሻ ኮድ መታደስ ነበረበትና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ኮዱ የሚጻፈው ካርድ ላይ ቀዳዳ በመብሳት ነው፤ አንድ መስመር፣ አንድ ካርድ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ የክምሩ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰያፍ መስመር አሰመርኩ። ረቡዕ ጠዋት ሞከርኩት፤ ተነሳ። ከሰዓት ሁላችንም የውይይት ክበብ ገባን። ሐሙስ ጠዋት እንግዳው ሲነሳ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ አያሌው በሩ ላይ ቆሙ። «ማሽኑ ነው እምቢ ያለው፣ ሰው ነው እምቢ ያስባለው?» አሉ። «እስከ ስድስት ሰዓት ስም አምጪልኝ። አለዚያ አሻጥሩ ያንቺ ነው።»

ክምሩን ሳየው ቀዩ መስመር አንድ ቦታ ተቆርጧል። አንዲት ካርድ የለችም። ወዲያው ሙሉጌታ ትዝ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሥራውን እሱም ፈልጎት ነበር፤ ከክበቡም ሆዴን አሞኛል ብሎ ቀድሞ ወጥቷል። ረፋዱ ላይ ሳምቡሳውን ለሁለት ከፍሎ አቀረበልኝ።

«በቃኝ።»

«ብዪ እንጂ ጥሩዬ! መርዝ የለበትም፤ ምስሩም እንኳ በመከራ ነው ያለበት።»

አልበላሁም። ቀልዱንም ጠረጠርኩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስሙን አፌ ላይ ይዤ ጓድ አያሌው ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት ዓይኔ ጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። የክበቡ ተሳታፊዎች ስም ካርድ ላይ ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ረቡዕ ስም የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀት ስለማይገኝ ባዶ ካርድ ላይ መጻፍ ልማዳችን ነበር። ያቺን ግን ከሙከራው በኋላ ለማነጻጸር ከክምሩ ያወጣኋት እኔው ነኝ፤ ቀዳዳዋ ጥቂት ስለሆነ ባዶ መስላኝ ይዣት ሄጄ ነበር። ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

«እህ?» አሉ።

«ካርዶቹን ያበላሻቸው እርጥበቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ጓድ» አልኩ።

«ሙሉጌታም ጠዋት ስጠይቀው ይህንኑ ነው ያለኝ። ‹እሷ ጥንቁቅ ናት፤ ዝናቡ ነው› አለ።»

ስሞቹን በሌላ ካርድ ላይ አጥርቼ ልገልብጥልዎ ብዬ ካርዷን ወሰድኩ። ቦታዋ ስመልሳት እንግዳው ተነሳ። ሙሉጌታ አጨበጨበልኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ልጄ «ምን ትዝ አለሽ፣ እማዬ?» ስትለኝ የካርዷን ነገር አወራኋት፤ ሳቀች። ቢሮው የገባሁት ማንን አሳልፌ ልሰጥ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። ሙሉጌታም ሳያውቅ ሞተ። ስሙን አሁን እንኳ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፤ አፌ ላይ ግን ያን ቀን ቀሎኝ ነበር።