ካቴና የማይገባበት ክፍል

የያዙኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ያስገቡኝ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነበር። ግድግዳው ገና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል።

ከሳምንታት በኋላ ግራ ዓይኔ ጉም ለበሰ። ለጠባቂው ብነግረው፣ «ደሴን ማየት አማረህ?» አለኝ። አብረውኝ የታሰሩ አንድ የከላላ የቁርአን አስተማሪ ግን ጣታቸውን ፊቴ ላይ እያነሱ ስንት እንደሚታየኝ ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄ ስለሚያበዙ ለማን ወሬ እንደሚያቀብሉ አስብ ነበር። አንድ ጠዋት ግን እኚሁ ሰው ተነስተው በሩን ደበደቡ።

«ይኼ ልጅ እየታወረ ነው። ወላሂ፣ ነገ አላህ ዘንድ ትጠየቁበታላችሁ።»

ካቴና አጥልቀውልኝ ከአንድ ፖሊስ ጋር ደሴ ሆስፒታል ወሰዱኝ። የዓይኔ ውስጥ ስለደፈረሰ ሐኪሟ ጀርባውን ማየት አልቻለችም፤ ኤምአርአይ የሚባል የምስል ምርመራ አዘዘች።

«ካቴናው ይውለቅ» አለ የማሽኑ ባለሙያ። «ማግኔት ነው፤ ብረት አይገባም። መሣሪያህም እንደዚሁ።»

«ቢያመልጥስ?» አለ ፖሊሱ። መሣሪያውን ውጭ አስቀምጦ የክፍሉን ጥግ ሁሉ ፈተሸ። መስኮት እንደሌለው ሲያይ ፈታኝ።

ባለሙያው መርፌ ይዞ ሲመጣ ክንዴን ሰበሰብኩ።

«ምንድን ነው?»

«ዝም ብለህ ተወጋ» አለ ፖሊሱ ከበሩ።

«ሳላውቀው አልወጋም።»

ባለሙያው ብልቃጡን በደህናው ዓይኔ በኩል አስጠጋልኝ። «ጋዶሊኒየም ይባላል። በደም ስር ይገባል። የዓይን ጀርባ ከተቆጣ መድኃኒቱ እዚያ ይፈስና ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።»

ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከዚያ ክንዴን ዘረጋሁለት።

ምስሉ ሲወጣ በግራ ዓይኔ ጀርባ ቀጭን ነጭ መስመር ነበር። ሐኪሟ ወደ ፖሊሱ ዞራ፣ «እስረኛው...» ብላ ጀመረች።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ዓይኑ የኔ ነው። ለኔ ይንገሩኝ።»

ወንበሯን ወደኔ አዞረችና እንደገና ጀመረች። «ሬቲናዎ፣ የዓይንዎ የጀርባ ሽፋን፣ ተቆጥቷል። ነርቩም ጭንቅላትዎም ደህና ናቸው። የማዝልዎትን ክኒን ካላቋረጡ የቀረውን እናድነዋለን።» ፖሊሱ ቆሞ ጠበቀ።

ዛሬ በግራ ዓይኔ የሰው መልክ እለያለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። ለምን እንደታሰርኩ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ስለ ዓይኔ ግን ተነግሮኛል።