በጓደኛዋ ስም አቤት ያለችው

በልብስ ማጠቢያው ቤት ሴቶቹ "ባቡር" ነበር የሚሏት። አንሶላ ስታቀብል ማን ሊደርስባት! የሆቴሉና የሆስፒታሉ አንሶላ ታጥቦ በጋሪ እየተገፋ ይመጣል፤ እሷ ጫፍና ጫፉን ይዛ አንዴ ታራግፈውና በሁለቱ የጋሉ ሲሊንደሮች መሀል ትሰደዋለች። በወዲያ በኩል ሳቂታ የሚሏት ጓደኛዋ ደርቆ፣ ተተኩሶ የወጣውን ተቀብላ ታጥፋለች። "ኧረ ቀስ በይ አንቺ! እኔ እኮ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ!" እያለች ትጮህባታለች። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ያን ጊዜ እንግዲህ ሁለት እጅ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነገር ነበር።

ሳቂታ የሥራ ጓደኛ ብቻ አልነበረችም። ቤታቸውን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ "ይማርሽ" የምትልበት። ባቡር ከሽማግሌ አባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ በደህናው ዘመን ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ጆሯቸው ደከም ያለ፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው የሰላ ሰው ናቸው። ሳቂታ ሦስት ልጆችና ሥራ ከፈታ የከረመ ባል አላት። ሁለቱም ቤቶች የሚያድሩት በእነዚህ ሁለት ሴቶች ክንድ ነው።

በማጠቢያው ቤት ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። ጠዋት ደወሉ ይደወልና አለቃው በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው የቀኑ ደመወዝ ይቆረጥበታል፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል። ልጅ ታመመብኝ ቢሉት፣ እናቴ ወደቀችብኝ ቢሉት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ መላ ዘየዱ። አንዷ የቸገራት ቀን፣ የዕረፍት ቀኗ የሆነችው ትመጣና የቀሪዋ ስም ሲጠራ "አቤት!" ትልላታለች፤ ቀኑን ሙሉ ሠርታላት ትውላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያቺ በተራዋ ትመልሳለች። አለቃው አያውቅም እንዳትሉ! ልቅም አድርጎ ያውቃል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀል አድርጎ፣ "ዛሬ ደግሞ ድምፅሽ ጎረነነ፣ ጉንፋን ነው?" ይልና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ሥራው ይሠራ እንጂ ማን ሠራው ለሱ ምኑም አይደለም።

የዚያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ሳቂታ ግድግዳውን ደበደበች።

"ባቡርዬ! ልጄን ሲያተኩሳት አደረ፣ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። ዛሬ ዕረፍትሽ ነው አይደል? አፈር ስሆን፣ አቤት በይልኝ!"

"ምን ትለማመጪኛለሽ? ሂጂ ባክሽ፣ ልጅቷን ደራርቢላት" አለችና ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

ስም ጥሪ ላይ በሳቂታ ስም "አቤት!" አለች። አለቃው መነጽሩን ሰቀል አድርጎ አያት፣ ፈገግ አለ፣ አለፈ።

ከሲሊንደሮቹ ፊት ለፊት አንድ ቀጭን ብረት አለ። እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተሠራ ነው። ግን አንሶላም ሲነካው ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ሥራ ይጓተታል። እናም አለቃው ራሱ በአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ጠፍሮ አሳስሮታል። ከምሳ በኋላ አንድ እርጥብ አንሶላ ጫፉ ተጣጥፎ መጣ። ባቡር እጥፋቱን በመዳፏ ልታቃና ሞከረች። አንሶላው ይዟት ገባ። በክርኗ ብረቱን ብትገፋው፣ ብትገፋው፣ የታሰረ ነገር ወዴት ይሄዳል? ጩኸቷ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ተሰማ። ሰው ሮጦ መብራቱን እስኪያጠፋው ድረስ ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ ውስጥ ነበር።

ሐኪሞቹ አውራ ጣቷን ተዉላት። አራቱን አላዳኗቸውም።

አለቃው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። "አይዞሽ፣ ድርጅቱ አይጥልሽም። አንቺ ብቻ ነገር እንዳታበዢ፣ ተረጋጊ" አላት። ተረጋጋች የኔ ሞኝ። የታከመችበትን ደረሰኝ አባቷ ከፍራሻቸው ሥር ሰብስበው አስቀመጡ። ፋሻዋ ተፈቶ ወደ ማጠቢያው ቤት ስትሄድ ግን ዘበኛው በር ላይ አቆማት። "እንዳትገቢ ተብሏል" አለ፣ ዓይኗን ማየት ፈርቶ። ከውስጥ የተላከላት መልስ አጭር ነው፤ በዚያን ቀን አንቺ ዕረፍት ላይ ነበርሽ፣ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ሥራ ላይ አይጎዳም። ልብ በሉ! በደሟ የራሰውን አንሶላ አጥበው ለሆቴሉ የመለሱ ሰዎች ናቸው ይህን የሚሉት።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ አንዲት ቆፍጣና ሴትዮ አገኘች። ሴትዮዋ እጇን አየች፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስሚኝ እህቴ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይችለዋል። እስኪድን ደመወዙ አይቋረጥም። እንዳንቺ አካሉ የጎደለ እንደሆነ ደግሞ፣ ሐኪሞች ተሰብስበው ጉዳቱ ምን ያህል ከሥራ እንደሚያግደው ይወስናሉ፣ ካሳው በዚያ ልክ ነው። ጥፋቱ የማነው ብለን እዚህ አንከራከርም። አንቺ ተሳስተሽም ቢሆን ይከፈልሻል፤ ሆን ብለሽ እጅሽን ካልከተትሽ በቀር።"

"ምን አለች?" አሉ አባቷ።

ባቡር ጆሯቸው ሥር ጮኻ ደገመችላቸው።

"ሆን ብሎ እጁን እሳት ውስጥ የሚከት ሰው አለ እንዴ?"

"አባቴ፣ ጠበቃ የማይለው የለም" አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ወደ ባቡር ዞረች። "ያንቺ ጭንቅ ሌላ ነው። ሥራ ላይ መሆንሽ መታወቅ አለበት። አለቃሽ እያወቀ በሰው ቦታ ካሠራሽ፣ ድርጅቱ እያወቀ አሠራሽ ማለት ነው። ሌሎቹን ሠራተኞች አስጠርቻለሁ፣ ሁሉም 'አላየንም' ብለው ሄዱ። የቀረችው ባለ ስሟ ናት። 'እኔ አልነበርኩም፣ እሷ ናት በኔ ቦታ የገባችው፣ አለቃውም ያውቃል' ትበል። ይኸው ነው።"

ባቡር ቀለል አላት። ሳቂታ ናታ! ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጥታ ቀሚሷን የምትቆልፍላት፣ በየሳምንቱ ፀጉሯን የምታጥብላት፣ ሻሿን የምታስርላት ማን ሆነና? ማታ ስትነግራት ሳቂታ ያንን የተቆራረጠ እጅ ስባ ሳመችው፣ እንባዋ ጠባሳውን አራሰው። "እንዴት አልመሰክርልሽም! በኔ ምክንያት አይደል እንዲህ የሆንሽው? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ከዋሸሁ!" አለች። ከልቧ ነበር። ይህን እኔም አልጠራጠርም።

ቃል የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይዞር የጣሪያ ማራገቢያ። በአንድ በኩል ባቡርና አባቷ፣ በሌላው አለቃውና የድርጅቱ ጠበቃ። ሳቂታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሀል ላይ ተቀመጠች። ጠበቃው ድምፁን አለስልሶ ጀመረ።

"እህቴ፣ አትፍሪ። አንዲት ጥያቄ ናት። የዚያን ቀን ሥራ ገብተሻል ወይስ አልገባሽም? አልገባሁም ካልሽ፣ ያልሠራሽበትን ደመወዝ ወስደሻል ማለት ነው። ይህ ማታለል ነው፣ ያስባርራል። ከዚያም አልፎ ያስከስሳል። እስቲ አስበሽ መልሺ።"

ሳቂታ አለቃውን አየችው። አለቃው ጫማውን ያያል። ባቡርን ግን አላየቻትም።

"ነበርኩ" አለች።

"ታዲያ ይቺ ሴትስ ምን ልትሠራ መጣች?"

"ልትጠይቀኝ... ልጄን አሞብኝ ስለነበር ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ላግዝሽ ብላ ነው።"

ባቡር ክው ብላ ቀረች። የተጎዳው እጇ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ነው፣ ሁሉም እያየው። በዚህ መሀል አባቷ ወደሷ ዘንበል ብለው፣ በዚያ ጆሮው በደከመ ሰው ጮክ ያለ ድምፅ፣ "ምን አለች? ልጄ፣ ምን አለች?" አሉ።

ደግመው ጠየቁ። እሷው ራሷ መናገር ነበረባት።

"ነበርኩ አለች፣ አባዬ።"

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። "የት?" አሉ።

የቢሮዋ ሴትዮ እስከ ደጅ ሸኘቻት። "በዚህ ቃል ልፈርድልሽ አልችልም። ይግባኝ አለሽ፣ ጊዜው ሳያልፍብሽ። ጓደኛሽ ቃሏን ካቃናች ይዘሻት ነይ" አለቻት። ባቡር ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሳቂታ ናት፣ እንደ ወትሮዋ፣ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ። ዓይኗ አብጧል። ባቡር በሩን ፊቷ ላይ ልትዘጋው ሌሊቱን ሙሉ ስትዝት ነበር ያደረችው። ግን ፀጉሯ ከታጠበ ሰንብቷል፣ ራሷን ይበላታል፣ አባት ደግሞ የሴት ልጁን ፀጉር እንዴት ያጥባል? ለዚህ ብላ በሩን መክፈቷ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ አንገቷን ሳፋው ላይ ደፋች።

ሳቂታ ውሃ አፈሰሰችባት፣ ሳሙና አደረገች፣ ማሸት ጀመረች።

"ልጆቼን ምን ላብላቸው ነበር?" አለች በመጨረሻ። "ንገሪኝ እስቲ። ባባረሩኝ ማን ያበላልኛል?"

"እኔስ አባቴን?"

"እኔ አለሁ! ከልጆቼ አፍ ነጥቄም ቢሆን። ዕድሜ ልኬን አጥብሻለሁ፣ እጅሽ እሆንልሻለሁ፣ እኔ..."

"እጅ አለመንኩሽም እኮ" አለች ባቡር፣ አንገቷን እንደ ደፋች። "አንድ ቃል ነው የለመንኩሽ። ያንቺ ስም ሲጠራ እኔ አቤት አልኩ። ትናንት የኔ ሲጠራ ሰው ጠፋ።"

ሳሙናው በባቡር ጆሮ ሥር ወርዶ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

ያን ጊዜ የማጠቢያው ቤት ደወል ከታች ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ፀጉሯ ውስጥ ያሉት ጣቶች ቀጥ አሉ። ባቡር ጠበቀች። እውነቱን ልናገር፣ ያቺን ቅጽበት ተስፋ አደረገች። ዛሬ ብትቀር፣ ፀጉሬን ጨርሳ ብታለቀልቀኝ፣ ከዚያ ተያይዘን ቢሮ ብንሄድ ብላ ተመኘች። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

"ሂጂ" አለች።

"ሳሙናው እኮ..."

"ሂጂ ነው የምልሽ። ዛሬ አቤት የሚልልሽ የለም።"

ጣቶቹ ከፀጉሯ ወጡ። ነጠላ ሲራገፍ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ከዚያ ቁልቁል የሚሮጥ ኮቴ ተሰማት።

"ማነው የሄደው?" አሉ አባቷ ከውስጥ።

ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ ያቃጥላታል። ዓይኗን ጨፍና በግራ እጇ መሬቱን ዳበሰች፣ ማንቆርቆሪያው የለም። ወደፊት ዳበሰች፣ የለም። ሳቂታ፣ ቀኝ እጅ እንዳላት ሰው፣ በቀኟ በኩል ነበር ያስቀመጠችላት።