የአማት ስምና የእኔ ዳታቤዝ

ጋይንት ውስጥ ለምሠራበት ጤና ጣቢያ የካርድ መፈለጊያ ድረ ገጽ ስሠራ፣ ዳታቤዙን የመረጥሁት በግማሽ ቀን ነው። ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ስለነበር ትምክህቴ ለጉድ ነበር። ለአንድ ታካሚ አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ አንድ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። በቃ።

ካርድ ክፍሉን ለረጅም ዓመት የያዙት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ስክሪኑን አዩና «ጎሽ፣ ያምራል። ግን ሰዉ መቼ እንዲህ ሆነልህ?» አሉኝ። የቀኑብኝ መሰለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሥራ በጀመርን በሳምንቱ አንዲት አዲስ ያገባች ልጅ ጉሮሮዋን አሟት መጣች። ስሟን አስገባሁ፤ «አልተገኘም» አለ። አዲስ ካርድ አወጣሁላት፤ ሐኪም አይቷት የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘላት። ወደ መርፌ ክፍል ልትገባ በራችን ላይ ስታልፍ እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ቆዪ እስቲ ልጄ። ይኼ አማትሽ ያወጡልሽ ስም ነው አይደል? በአባትሽ ቤት ማን ይሉሽ ነበር?»

እኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። የገዛ እናቴ በሁለት ስም ስትጠራ እየሰማሁ አድጌ፣ ይህን መርሳቴ ዛሬም ያናድደኛል። ልጅቱ እያፈረች ስሟን ነግራቸው ገባች። እትዬ ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ ካርድ መዘዙ። ገና ሕፃን ሳለች በቀይ እስክርቢቶ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ካርዱን ነጥቄ ሮጥሁ። ነርሷ መርፌውን ሞልታ ይዛዋለች፤ ካርዱን አሳይቼ አስቆምኋት።

ስመለስ ከእትዬ ቁጣ ስጠብቅ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁ፦ የአባት ቤት ስም፣ አማት ያወጣችው፣ የክርስትና ስም፣ ሰፈሩ የሚጠራበት። አንድ ሰው ያለውን ስም ሁሉ የሚቀበል ሌላ ዳታቤዝ መረጥሁ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውም በወጉ ቢሠራ ይችል ነበር፤ ጠባቡ እኔ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን እሳቸው ስላስተማሩኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያቺ ልጅ ሕፃን አዝላ ለክትባት መጣች። ወዲያው ደወልሁላቸው። «ያቺ ካርዷን የመዘዙላት ሙሽራ ወለደች፤ ይስሙት እንግዲህ» ብዬ ስልኩን ወደ ሕፃኑ ጩኸት አዞርሁት።