በትልቅ ጎማ ወደ ወንጪ ለቅሶ

ከአምቦ የወጣነው ለቀብር ነው። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩነሽ፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደር፣ ሐሮ ወንጪ፣ ሌሊት አርፋ ጠዋት ተደወለልን። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ከሐይቁ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው ተባለ። እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «እህቴን በእጄ አፈር ላልብሳት።»

እኔ ገና ከቤት ሳንወጣ ተናድጄ ነበር። መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ እንያዝ አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ገመቹ «እናቴን ለለቅሶ በሚኒባስ? ሰው ምን ይላል!» ብሎ ቱሪስት የሚያመላልስበትን አሮጌ ፒክአፑን አስነሳ። ቱሪስት ከፍ ያለ መኪና ነው የሚወደው ብሎ ከጭነት መኪና የወረደ ጎማ ገጥሞላታል። ጎማው ጭቃ መከላከያውን እየፈተገ ሲያስቸግረው ጎማውን አልቀየረም፤ መከላከያውን በመጋዝ ቆረጠው!

እኔ አምቦ ላይ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው ምን ሊገዛ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አክስል ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ዲፍረንሻል ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ። ለገመቹ ስንቴ ነገርኩት! ባልዲ ውኃ ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዝ፤ ከዚያ ክንድህን ዘርግተህ ያዝ። ውኃው ያው ነው፣ ትከሻህ ግን ሊገነጠል ይደርሳል። ጎማው ሲተልቅም መሬቱ ከአክስሉ ስለሚርቅ ያችኑ መኪና ለመግፋት አክስሉ አብዝቶ ይጠመዘዛል። ማርሹ ለትንሽ ጎማ የተሠራ ነውና ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል፤ ፍሬኑም ያንን የሚያህል ጎማ ለማቆም አቅም ያንሰዋል። «አንቺ ሻጭ ነሽ እንጂ ሹፌር አይደለሽም» አለኝ። ስመክረው ሻጭ፣ ሲሰበርበት እህት!

ዳገቱ ላይ

ከከተማው ወጥተን ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ብርዱ ተቀበለን። የጤፍ ማሳው አልቆ ገብስና እንሰት ብቻ ሆነ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ሌሊት ዘንቦበት ጭቃው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አንዲት መንደር ላይ ለእማዬ ትኩስ ዳቦ በአምስት ብር ገዛሁላት። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው እንጂ አልቀመሰችውም።

ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ስንደርስ አንደኛ ማርሽ እንኳን አቃተው። ገመቹ ነዳጁን ረገጠው። የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ባዶውን ተሽከረከረ፣ ድንገት አለት ነከሰና ቷ! አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዘልዬ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ። አክስሉ ለሁለት ተቆርጧል፤ አንዱ ከተቆረጠ ደግሞ ሌላው ብቻውን አይገፋም። ገመቹን ሰደብኩት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ገመቹ የናቀው ሚኒባስ ከኋላችን መጣ። ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ረዳቱ በመስኮት እጁን አወዛውዞልን አለፈ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት።

ያዳነን ፈረሱን እየሳበ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባል።

«አካም ኦልተኒ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ አለንና መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አያት። «ይቺ በማን እግር ነው የቆመችው?»

ገመቹ አንገቱን ደፋ። ለሽማግሌው ለቀብር እንደምንሄድ ስነግረው ፈረሱን ወዲያው አስጠጋ።

«አዮ፣ ኮቱ! ይምጡ እናቴ፣ ይውጡ፣ ረጋ ያለ ፈረስ ነው። ሬሳ አይጠብቅም።»

እማዬን አውጥተን እኔና ኦቦ ቶሎሳ በእግር ተከተልን። ገመቹ መኪናው ዘንድ ቀረ።

ሐሮ ወንጪ

የገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከታች ወለል ብሎ ታየን። ነጫጭ የለበሱ ሰዎች የጫኑ ጀልባዎች ውኃው ላይ ነበሩ። «ደረስን!» አልኩ። እማዬ ግን ጀልባዎቹ ወዴት እንደሚቀዝፉ አየች።

«እየተመለሱ ነው» አለች።

ለቅሶው ቤት የአክስቴ ልጅ እማዬን አቅፋ «ትምጣ ብለን ቆየን፣ አሁንም ቆየን፤ ደመናው ሲከብድ ለጀልባው ፈራን» አለቻት። እማዬ ደረቷን አልመታችም፣ ሙሾም አላወጣችም። መዳፎቿን ዘርግታ ታያቸው ጀመር። እኔ ያንን ማየት አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

አምቦ

ከሠልስት በኋላ እኔና እማዬ በሚኒባስ ተመለስን። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ብረት ይሉኝታ እንደማያውቅ ነው። «ሰው ምን ይላል» ብለህ የጫንክበትን ሁሉ ዳገት ላይ ይመልስልሃል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

በነጋታው ገመቹ የተቆረጠውን አክስል ይዞ ሱቄ መጣ። እማዬ ከሰል መስላ ጥቁሯን ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ይቅርታ ሊጠይቃት ነው ብዬ ነበር።

«ወፈር ያለ አክስል አለሽ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «አክስሉን ብታወፍረው ዲፍረንሻሉ ይሰበራል! ጎማውን አውርድ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

እማዬ አልጮኸችም።

«ገመቹ፣ እኔ ስሞት በዚያ መኪና እንዳትመጣ» አለችው። «በእግርህ ና፤ ትደርሳለህ።»