ለካድሬው ያላስረዳሁት ግስ

ከድሬዳዋ የወጣሁት የመግሪብ አዛን ሲል ነው። ኮንትሮባንድ የምትነግደው ጎረቤታችን ሃሊማ ሽርጥ አስታጥቃኝ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር፣ «አቦ ቶሎ ቶሎ ተራመድ! አፍህንም ያዝ፤ እዚህ ያደረሰህ እሱ ነው ወላሂ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የዚያን ቀን ትምህርት ኢንከልኬት የሚል ግስ ነበር። አንድን ጥሩ ነገር ደጋግሞ እየነገሩ በሰው ልብ ማስረጽ ማለት ነው። ምሳሌውን ያመጣሁት ከቤቴ ነው፤ እኔና ሚስቴ ትንሿን ልጃችንን ሂሩትን ጠዋት ማታ «አትዋሺ» እያልን ነው የምናሳድጋት። «እናቶች በልጆቻቸው ልብ ሐቀኝነትን ያሰርጻሉ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቹም እንደ ልማዳችን በአንድ ድምፅ ደገሙት። ከኋላ ተቀምጦ የሚከታተለን ካድሬ እጁን አወጣ።

«ጓድ መምህር፣ እናቶች ብቻ? አብዮቱስ አያሰርጽም?»

«አብዮቱ ገና ልጅ ነው ጓድ፤ እሱም እናት ያስፈልገዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቀና፣ «ነገ ቀበሌ ና። ግሱን በደንብ ታስረዳናለህ» አለኝ። በዚያ ወራት ቀበሌ ሊያስረዳ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ወደ ጅቡቲ መሸሼ እንዳይታወቅ ለጠየቀ ሁሉ «ሐረር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» እንዲባል ከሚስቴ ጋር ተስማማን። ሂሩት አጠገባችን ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

ጅቡቲ ስትደርሱ ያ የምናማርረው የድሬ ፀሐይ ይናፍቃችኋል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል። ዳቦው ባጌት ነው፣ ሻዩም ሻይ አይደለም። የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጠው ሹም፣

«ለምን ተሰደድክ?» አለኝ።

«በአንድ ግስ።»

«ሙስዬ፣ እኔ የምጠይቅህ ስለ ፖለቲካ ነው።»

«እኔም የምመልስልህ ስለሱ ነው።»

«ነገ ና» አለኝ። ነገ ና ሲሉኝ እስከ ዛሬ መውጫ በሩን አያለሁ።

በስንት ልመና ሃሊማ ሱቅ ስልክ አስደወልኩ። ሃሊማ ድምፄን ስትሰማ ስልኩን ለሂሩት ሰጠቻት።

«አባዬ! ጓድ መምህራችን አባትሽ የት ነው አሉኝ። ሁሉም ሐረር ሐረር ይላል። እኔ ግን አልዋሸሁም፤ ጅቡቲ ነው አልኳቸው።»

«እማዬስ የት ናት?»

«ቀበሌ ጠርተዋት ልታስረዳ ሄደች። እስክትመጣ ሃሊማ ጋ ነኝ። አባዬ፣ ጎበዝ ነኝ አይደል?»

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት።